ባለቤት ያጣ ሐይቅ፣ ባለቤት የበዛለት ሣር

የመንዝ ጓሳ ለ400 ዓመታት ያህል የብዙዎች ሆኖ ኖረ። የሐረማያ ሐይቅ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ደረቀ። የጋራ ሀብትን የሚያኖረው ምንድን ነው? የሚያጠፋውስ?

በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርጎ ወደ መሃል ሜዳ የሚዘልቅ መንገደኛ መንዝ ሲገባ የሚያየው የታረሰ መሬት ነው። ገብሱ እስከ ገደል አፋፍ ድረስ ይዘራል፤ በማሳና በማሳ መካከል የቀረችው ድንበር እንኳ በበግ ተግጣ ጣት የሚሞላ ሣር የለባትም። አገሩ ደጋ፣ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። መሃል ሜዳ ሳይደርሱ ግን እርሻው በአንድ ጊዜ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ጓሳ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሣር አገር። ሣሩ በጉች በጉች ሆኖ ይበቅላል። በየመካከሉ ጅብራ ቆሟል፤ በተረተሩ ላይ አስታ አለ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ አንገቱን ደፍቶ እየተራመደ አይጥ ይፈልጋል፤ እነሱም አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። እዚያው ጓሳ ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው ከጭላዳዎች ጋር ሆኖ ሲያድን ከሞከረው 67 በመቶው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶው ብቻ።

ለመንዝ ገበሬ የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በክረምት የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል። ቁጥቋጦው ማገዶ ነው። የግጦሽ እጦት በበረታበት ዓመት ከብት የሚተርፈው እዚህ ነው። ሀብቱ ደጃፍ ላይ ነው፣ ግንብ የለውም፣ አጥር የለውም። ሌሊት ወጥቶ አንድ ሸክም አጭዶ መመለስ ለጎበዝ ገበሬ ከባድ ሥራ አይደለም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ሣሩ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከዛሬ ቆይቷል። ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ እሱ ለምን ቀረ?

የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት ተቃራኒውን ማየት ያስፈልጋል።

ሐረማያ፦ ሁሉም ልክ ነበር፣ ሐይቁ ግን ደረቀ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በምሥራቅ ሐረርጌ፣ ሐረማያ የሚባል ሐይቅ ነበር። ዩኒቨርሲቲውም ከተማውም የሚጠሩት በስሙ ነው። ለአሥርት ዓመታት የሐረር ከተማ ሰው የጠጣው፣ የአወዳይና የአካባቢው ነዋሪ የቀዳው፣ ገበሬው ጫቱንና አትክልቱን ያጠጣው ከዚህ ሐይቅ ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት የነበረው ሥፍራ ከብት የሚውልበት ሜዳ ሆነ።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያሉ ተራሮች ተራቁተው አፈሩ ወደ ሐይቁ ወርዷል፤ ከተሞቹ አድገው የሚጠጣው ሰው በዝቷል። ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ግን የውኃ መሳቢያ ሞተር ነው። ሞተሩ ከሐይቁ ጠርዝ ይቆማል፣ ቱቦው ወደ ጫቱ ማሳ ይዘረጋል። ውኃው ጥቂት ሲሸሽ ገበሬው ሞተሩን ጥቂት ያስጠጋል፣ አንድ ቱቦ ይቀጥላል። እንደገና ሲሸሽ እንደገና ይከተላል። በመጨረሻ ሐይቁ ሲያልቅ ወለሉ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ከሥር ያለው ውኃ መሳብ ጀመረ።

ይህን ያደረገው ሰው ክፉ ወይም ሞኝ አልነበረም። ጫት ጥሩ ዋጋ ያወጣል፤ በድርቅ ወራት ውኃ ያገኘ ማሳ ደግሞ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ገንዘብ ያመጣል። አንድ ገበሬ ለሐይቁ አዝኖ ሞተሩን ቢያጠፋ ምን ይሆናል? እሱ የተወውን ውኃ ጎረቤቱ ይስበዋል። ሐይቁ አይድንም፤ የእሱ ልጆች ግን ያንን ዓመት ያጣሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ ሲያሰላ ልክ ነበር። የሁሉም ልክ ሲደመር ግን ውጤቱ የደረቀ ሐይቅ ሆነ። ሐረርም ከድሬዳዋ በኩል ከቆላ ጉድጓድ ተስቦ ሽቅብ በሚገፋ ውኃ እንድትኖር ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ እንደገና ውኃ መያዝ ጀምሯል። የመሳቢያው ሥርዓት ካልተበጀለት ግን ያው ሒሳብ ይጠብቀዋል።

ሁለት ጥያቄዎች

የኢኮኖሚክስ ምሁራን ሰው የሚጠቀምባቸውን ነገሮች የሚለዩት በሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ ያልከፈለን ሰው ከጥቅሙ ማገድ ይቻላል ወይ? ሁለተኛው፣ አንዱ ሲጠቀም ለሌላው ይቀንስበታል ወይ?

ዳቦ ለሁለቱም መልሱ አዎ ነው፤ ያልከፈለ አያገኝም፣ አንዱ የበላውን ሌላው አይበላውም። እንዲህ ያለውን ገበያ በደንብ ያስተናግደዋል። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ያልከፈለ አይገባበትም፤ መጨናነቅ እስኪመጣ ድረስ ግን የአንዱ መኪና ማለፍ የሌላውን አይቀንስም። የመንገድ መብራት ሌላ ነው። አንዴ ከበራ ለከፈለውም ላልከፈለውም ያበራል፣ አንዱ አይቶበት ሲያልፍ ለቀጣዩ አይደበዝዝም። የአገር መከላከያ፣ የወባ መከላከል ሥራ፣ ሰላም ራሱ እንዲህ ናቸው። እነዚህ የሕዝብ ጥቅሞች ይባላሉ። አራተኛው ዓይነት የጓሳና የሐረማያ ነው። ሰውን ማገድ ይከብዳል፣ አንዱ የወሰደው ግን ከሌላው ይጎድላል። ይህ የጋራ ሀብት ነው። ግጦሽ፣ ደን፣ የዓሣ ሐይቅ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ሁሉ እዚህ ይመደባሉ።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚያስተሳስር አንድ ችግር አለ፤ ሳያዋጡ መጠቀም። ጥቅሙ ለማንም የማይከለከል ከሆነ፣ ወጪውን ሌላው ችሎት እኔ ብጠቀም ይሻላል የሚል ሐሳብ ይመጣል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ያውቀዋል። የብሎኩ ኮሚቴ ለዘበኛ፣ ለደረጃ መብራትና ለውኃ መግፊያ ፓምፕ በየወሩ መዋጮ ይጠይቃል። ዘበኛው ሌባ ሲያባርር ያልከፈለውንም ቤት ይጠብቃል፤ አምፖሉ ያልከፈለውም ሲወጣ ይበራለታል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ይቀራል። በሚቀጥለው ወር የከፈሉት «እኛ የማን ሞኝ ነን» ይላሉ። በሦስተኛው ወር ዘበኛው ይሰናበታል፣ ደረጃው ይጨልማል፣ ያልከፈለውም የከፈለውም በስልኩ መብራት ይወጣል።

የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ይህን ያስተዋለው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በጋራ የያዙትን ረግረግ ሜዳ ለማጠንፈፍ በቀላሉ ይስማማሉ፤ አንዱ ድርሻውን ቢተው ሥራው ሁሉ እንደሚቀር ያውቃሉና። ሺህ ሰው እንዲስማማ ማድረግ ግን የማይቻል ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ሸክሙን ወደሌላው ለመግፋት ሰበብ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ፖል ሳሙኤልሰን ሐሳቡን በሒሳብ አስቀመጠው፤ የሕዝብ ጥቅምን ገበያ በበቂ መጠን ሊያቀርብ አይችልም፣ ምክንያቱም ሰው ምን ያህል እንደሚፈልገው እውነቱን ቢናገር የሚያተርፈው ክፍያ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ማንኩር ኦልሰን ጨመረበት። ሰዎች አንድ የጋራ ፍላጎት ስላላቸው ብቻ በጋራ አይንቀሳቀሱም፤ ቡድኑ በሰፋ ቁጥር የአንዱ መቅረት ስለማይታይ መቅረት ይቀላል። ስለዚህ ላዋጣው ብቻ የሚደርስ የተለየ ጥቅም ወይም በቀረው ላይ የሚወድቅ ቅጣት ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይበልጥ የገነነው ግን ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ ግጦሽ አስቡ አለ። አንድ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ትርፉ ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ለሁሉም ይከፋፈላል። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራሉ፣ ሁሉም ይጠፋሉ። ከዚህ ተነስቶ የጋራ ሀብት ወይ በግል ይከፋፈል ወይ መንግሥት ይያዘው የሚለው ድምዳሜ በዓለም ዙሪያ የፖሊሲ መመሪያ ሆነ። በብዙ አገር ደንና ግጦሽ ከመንደሩ እጅ ተወስዶ ለመሥሪያ ቤት ተሰጠ።

ሃርዲን የጻፈው ስለ ሐረማያ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። ጓሳን ግን አያስረዳም።

ቄሮ፦ መንዞች የሠሩት ሕግ

በመንዝ የሚነገረው ታሪክ የጓሳን ይዞታ ወደ ሁለት አባቶች፣ ወደ አስቦና ወደ ገራ ይመልሰዋል። ከእነሱ ዘር መሆኑን ያስረዳ ሰው የአጽመ ርስት ባለመብት ነበር፤ ከጓሳ የመጠቀም መብቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። መብቱ ያላቸው ሰዎች አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ የጓሳን መዘጋትና መከፈት የሚወስነው እሱ ነው።

ዋናው ሕግ መዝጋት ነበር። ጓሳ ከሦስት እስከ አምስት ተከታታይ ዓመት ከማንኛውም አገልግሎት ይዘጋል። በነዚያ ዓመታት ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ አድጎ ለክዳን በቅቷል ሲባል፣ ወይም ድርቅ መጥቶ ከብት የሚያልቅ ሲሆን፣ አለቃው ከባላገሩ ጋር ተመካክሮ የሚከፈትበትን ቀን ይቆርጣል። ቀኑ የሚታወጀው ሰው በሚበዛበት ቦታ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በቀብር ላይ። አልሰማሁም የሚል እንዳይኖር ነው። መከፈቻው አብዛኛውን ጊዜ በበጋ፣ በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ይሆናል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው ማጨዱ ካበቃ በኋላ ነው። ክረምቱ ገብቶ የሰኔ ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ደግሞ ሁሉም ይወጣል፣ ጓሳ ይዘጋል።

ይህን አሠራር ከፋፍሎ ማየት ይጠቅማል። ቀኑ አንድ ስለሆነ ቀድሞ ገብቶ መሻማት የለም። ሣሩ ከግጦሹ ስለሚቀድም ብዙ ከብት ያለው ሰው ክዳን የሚፈልገውን አያጠፋበትም። መዝጊያው በታወቀ በዓል ላይ ስለወደቀ ማንም ቀኑን ሊያከራክር አይችልም፤ ከሐምሌ 5 በኋላ ጓሳ ላይ የታየ ሰው ያለ ምስክር ጥፋተኛ ነው። ጥበቃውም የሁሉም ግዴታ ነበር። አለቃው ሲጠራ ጤነኛ አባወራ ሁሉ ይወጣል፤ የሠረቀ ብቻ ሳይሆን ከጥበቃ የቀረም ይቀጣል። ኢኮኖሚስቶች ብዙ የሚቸገሩበት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሕግ ማስከበር ራሱ የሕዝብ ጥቅም ነው፤ ሌባን መያዝ ያደክማል፣ ያጣላል፣ ጥቅሙ ግን ለሁሉም ነው። ስለዚህ ሰው ከማዋጣት ብቻ ሳይሆን ከመጠበቅም ሊያፈገፍግ ይችላል። መንዞች ለዚህም ሕግ ነበራቸው።

የኢሊኖር ኦስትሮም ሥራ

ይህን ዓይነት ሥርዓት የኢኮኖሚክስ ትምህርት እንዲቀበለው ያደረገችው ኢሊኖር ኦስትሮም ናት። እ.ኤ.አ. በ1933 በሎስ አንጀለስ የተወለደች የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ስትሆን፣ ለዶክትሬት ማሟያዋ ያጠናችው የከርሰ ምድር ውኃን ነው። በካሊፎርኒያ የውኃ ተጠቃሚዎች ከመጠን በላይ ሲስቡ የባሕር ጨው ወደ ጉድጓዳቸው መግባት ጀምሮ ነበር፤ እነሱ ግን ተሰብስበው፣ ተካሰው፣ ተስማምተው መሳቢያውን ገደቡት። ከዚያ በኋላ ዓለምን ዞራ ተመሳሳይ ታሪኮችን ሰበሰበች። በስዊዘርላንድ ተርብል የተባለ የተራራ መንደር እ.ኤ.አ. ከ1517 ጀምሮ አንድ ደንብ ነበረው፤ ማንም ሰው በክረምት ሊቀልባቸው ከሚችለው በላይ ላሞች ወደ ጋራው ግጦሽ አይልክም። በስፔን ቫሌንሲያ የመስኖ ገበሬዎች የራሳቸው የውኃ ፍርድ ቤት በየሳምንቱ ሐሙስ ከካቴድራሉ በር ላይ ተቀምጦ ይዳኛል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች የሚጋሯቸውን ባሕርያት ዘረዘረች። ወሰኑና ባለመብቱ የታወቀ ነው። ደንቡ ከቦታው ጠባይ ጋር የተስማማ ነው። ተጠቃሚዎቹ ደንቡን በማውጣትና በመለወጥ ይሳተፋሉ። ጠባቂ አለ፣ ጠባቂው ተጠሪነቱ ለተጠቃሚዎቹ ነው። ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ እንደ ጥፋቱ ይከብዳል። ጠብ ሲነሳ በቅርብና በርካሽ የሚዳኝ አለ። መንግሥት የመደራጀት መብታቸውን ያከብርላቸዋል። ሀብቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ትንንሾቹ ማኅበራት በትልቁ ውስጥ ይታቀፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሃርዲን ራሱም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጽሑፍ፣ ጥፋት የሚደርስበት የጋራ ሀብት ሥርዓት የሌለው ነው ወደሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር።

በጋራ ባለቤትነትና ባለቤት በማጣት መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው። ጓሳ የጋራ ነበር። ሐረማያ ግን በተግባር የማንም አልነበረም።

1967 እና እድሩ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ታወጀ። አዋጁ ለሚሊዮኖች ጭሰኞች ነፃነት ነበር፤ ይህን ሳይናገሩ ስለ ጓሳ መጻፍ ሐቀኝነት አይሆንም። ቄሮም ቢሆን እኩልነት የነበረበት ሥርዓት አልነበረም። ከአስቦና ከገራ ዘር ያልሆነ ሰው እዚያው ተወልዶ እዚያው እያረጀ ከጓሳ ምንም መብት አልነበረውም። አዋጁ ያንን በር ከፈተ፤ ጓሳ በገበሬ ማኅበራት ሥር ሆነ።

ችግሩ በሩ ሲከፈት ሕጉም አብሮ መውደቁ ነው። አባ ቄራ ሥልጣኑ ቀረ፣ የዓመታቱ መዘጋት ቀረ። አዲሱ ባለመብት ጠባቂ እንዲሆን የሚያደርግ ሥርዓት አልተተካም። ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፣ ከብት ያለ ወቅቱ ገባ፣ ጓሳም ወደ ሐረማያ መንገድ ማዘንበል ጀመረ።

ያዳነው የአካባቢው ሰው ነው። ባላገሩ በቄሮ ፋንታ ለጓሳ ጥበቃ የመረጠው ሁሉም የሚያውቀውን መልክ ነው፤ እድርን። እድር በአገራችን ሳያዋጡ መጠቀምን የሚከላከል የተፈተነ ድርጅት ነው። የእድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የሚመረጡት በአባላቱ ነው። ወርኃዊው መዋጮ በመዝገብ ይያዛል፤ ያልከፈለው ስሙ በስብሰባ ላይ ይነበባል። ቀብር የቀረ፣ ድንኳን ለመትከል ያልመጣ፣ ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል። ቅጣቱ መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ሲደጋገም ይጨምራል፤ መጨረሻው መሰረዝ ነው። ከእድር መሰረዝ ማለት ቀባሪ ማጣት ማለት ስለሆነ እስከዚያ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ኦልሰን ላዋጣው ብቻ የሚደርስ ጥቅም ያስፈልጋል ያለው፣ ኦስትሮምም እንደ ጥፋቱ የሚከብድ ቅጣት ያለችው እዚህ መዝገብ ውስጥ አለ። በእድሩ መልክ የተደራጀው ጥበቃ ከቄሮ የሚለየው ባለመብትነትን በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ማድረጉ ነው።

ኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ ብሎ በሕግ እውቅና ሰጠው። ዛሬ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ስካውቶች ይጠብቁታል፤ ጎብኚ የሚያርፍበት የማኅበረሰብ ሎጅም አለ። ሥርዓቱ የንጉሡን ዘመን፣ የደርግን ዘመንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ መልኩን እየለወጠ ተሻግሯል።

በዶዶላ የተደረገ ፈተና

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሕግ ብቻውን ይበቃል ወይስ የሰዉም ጠባይ ወሳኝ ነው? መልስ የሚሰጥ ጥናት የተካሄደው በአገራችን ነው፤ በአዳባና ዶዶላ የደን አካባቢ። እዚያ የኦሮሞ ገበሬዎች በቡድን ተደራጅተው ደኑን ከመንግሥት በውል ተረክበው ነበር። ዴቬሽ ሩስታጊ፣ ሽቴፋኒ ኤንግልና ሚሻኤል ኮስፌልድ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 49 ቡድኖችን መረመሩ።

ገበሬዎቹ በገንዘብ አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። ሁለት ሰዎች እኩል ገንዘብ ይሰጣቸዋል። እያንዳንዱ የፈለገውን ያህል ለጋራ ያስቀምጣል፣ የቀረውን በኪሱ ይይዛል። ለጋራ የተቀመጠው በግማሽ ያህል ይጨመርበትና ለሁለቱ እኩል ይካፈላል። ሁለቱም ሁሉንም ቢያስቀምጡ ሁለቱም ያተርፋሉ፤ ሌላው አስቀምጦ እኔ ብይዝ ግን የበለጠ አተርፋለሁ። ተጫዋቾቹ ሌላው ይህን ያህል ቢያስቀምጥ አንተ ስንት ታስቀምጣለህ እየተባሉ ተጠየቁ። አንዳንዱ ሌላው ምንም ያህል ቢያስቀምጥ እሱ አያስቀምጥም። ሌላው ግን የባልንጀራውን መጠን ተከትሎ ይጨምራል፤ አንተ ካዋጣህ አዋጣለሁ የሚል ሰው ነው።

ከዚያ ተመራማሪዎቹ ወደ ደኑ ሄደው በሔክታር ስንት ወጣት ዛፍ እንዳለ ቆጠሩ። አንተ ካዋጣህ አዋጣለሁ የሚሉ ሰዎች በበዙበት ቡድን ደኑ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እነዚሁ ሰዎች ደን በመጠበቅም ከሌሎቹ የበለጠ ሰዓት ያሳልፋሉ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የጋራ ሀብት የሚድነው ሰው ሁሉ ቅዱስ ሲሆን አይደለም። ብዙ ሰው ሌላው ድርሻውን ከተወጣ የራሱን ለመወጣት ዝግጁ ነው፤ የሚሰብረው የሞኝነት ስሜት ነው። ስለዚህ ጠባቂ፣ ግልጽ መዝገብና ቅጣት የሚያስፈልጉት ክፉውን ለመቅጣት ብቻ አይደለም፤ ቅኑን ሰው «ብቻህን አይደለህም» ለማለት ጭምር ነው።

ከወሰኑ ውጪ

የመንዝ ሰው ሊፈታው የማይችለው አንድ ችግር ግን አለ። ከጓሳ ከሃያ የሚበልጡ ወንዞችና ጅረቶች ይነሳሉ፤ ከፊሎቹ ወደ አባይ፣ ከፊሎቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ሣሩ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቀው ታች ያለው አገር በበጋም ውኃ ያገኛል። ያን ውኃ የሚጠጣ፣ የሚያጠጣ፣ ፋብሪካ የሚያንቀሳቅስበት ሰው ስለ ጓሳ ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ናቸው የቀሩት፤ የእነሱ መኖር የዓለም ሁሉ ጥቅም ነው። ወጪው ግን የአንድ ወረዳ ነው። ገብስ ሊዘራበት ይችል የነበረውን መሬት ሳያርስ የሚተወው፣ በረዶ እየወረደ ጥበቃ የሚወጣው የመንዝ ገበሬ ነው። እኛ፣ ታች ያለነው፣ ሳናዋጣ ተጠቃሚዎች ነን።

ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ ይህን ለመካስ ታስቦ ነበር። በቅርብ ዓመታት በአካባቢው ያለው ጦርነትና አለመረጋጋት ግን ጎብኚውን አስቀርቶታል። ሣሩን እስከዛሬ የጠበቀው የቱሪስት ገንዘብ ስላልሆነ ጓሳ አይጠፋም ብሎ መጽናናት ይቻል ይሆናል። ሆኖም የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል፣ ወጣቱ መሬት አጥቷል፣ ቆርቆሮ ክዳኑን ተክቷል። ሣሩ ለነዋሪው የሚሰጠው ጥቅም እየቀነሰ ለሌላው የሚሰጠው እየጨመረ ሲሄድ፣ ነዋሪው ለብቻው እንዲጠብቅ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም።

እዚህ ላይ የመንግሥት ድርሻ ይመጣል። መንግሥት የመንደሩን ሥራ መንጠቅ የለበትም፤ 1967 ምን እንዳስከተለ አይተናል። ገበሬ ለገበሬ የማያስከብረውን ግን፣ ማለትም የላይኛውንና የታችኛውን አገር ሒሳብ፣ ሊያስታርቅ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው። ከውኃ ተጠቃሚ ከተሞችና ከመስኖ እርሻዎች የሚሰበሰብ ክፍያ ለምንጩ ጠባቂዎች ቢደርስ ስጦታ ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው። በሐረማያም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ ሞተር ስንት ሰዓት እንደሚስብ የሚወስን፣ በተጠቃሚዎቹ የተመረጠ፣ ሕግ የሚያውቀው የውኃ ማኅበር ከሌለ የተመለሰው ውኃ ዋስትና የለውም።

አንባቢም የራሱ ጓሳ አለው፤ የብሎኩ ግቢ፣ የሠፈሩ ወንዝ፣ የእድሩ መዝገብ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተገኙ። ወሰኑ የት እንደሆነ፣ አባሉ ማን እንደሆነ፣ መዝገቡን ማን እንደሚያየው፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን ጠይቁ፤ መልስ ከሌለ ደንብ አውጡ። ድርሻችሁን ከፍላችሁ ደረሰኙን ለሁሉም በሚታይ ቦታ ለጥፉ። ጎረቤታችሁ የሚያዋጣው እናንተ ማዋጣታችሁን ሲያይ ነው።